ጉግል ላይ በአማርኛ መፈለግ፦ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ኢንተርኔት ላይ መረጃ አፈላለግን የሚያስተምሩ ጽሑፎች ሞልተዋል። ችግሩ አብዛኞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ለሚፈልግ ሰው ነው። በአማርኛ የሚፈልግ ሰው የራሱ ጣጣ አለበት። ሦስት ዓይነት «ሀ»፣ ሁለት ዓይነት «ሰ»፣ ሁለት ዓይነት «ጸ» ይጠብቁታል። ዘመን አቆጣጠሩ ይለያል። «የ» እና «በ» ከቃሉ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ይባስ ብሎ የሚፈልገው ሰነድ ስካን ተደርጎ የተለጠፈ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ጉግልን ገና ለሚጀምር፣ ያውም በአማርኛ ለሚጀምር ሰው ነው። ስልክዎ ላይ ከፌስቡክና ከቴሌግራም አልፈው የማያውቁ ከሆነም ይሆንዎታል። ቢንግ ወይም ዳክዳክጎ የተባሉትን ሌሎች መፈለጊያዎች ለሚጠቀምም አካሄዱ ያው ነው።

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ጥያቄ እንሄድበታለን፦ በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው በዓመት ስንት ቀን ፈቃድ ያገኛል? ጥያቄውን የመረጥኩት በምክንያት ነው። መልሱ ሕግ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ሕጉ ደግሞ ተቀይሯል። ስለዚህ ትክክለኛውም፣ ጊዜው ያለፈበትም መልስ ኢንተርኔት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለልምምድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ደረጃ 1፦ ስልኩን ማሰናዳት

አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ክሮም የሚባለው ብሮውዘር (ድረ ገጽ መክፈቻ) አብሮት ይመጣል። ይክፈቱት። ከላይ ያለው ረጅሙ ሳጥን ሁለት ሥራ አለው። የድረ ገጽ አድራሻ ቢጽፉበት ወደዚያው ይወስድዎታል። ሌላ ቃል ቢጽፉበት ይፈልግልዎታል።

የአማርኛ ኪቦርድ ከሌለዎት ጂቦርድ የተባለውን የጉግል ኪቦርድ ይጫኑ። ከዚያ ወደ ኪቦርዱ ሴቲንግ ገብተው ከቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ይጨምሩ። እንግሊዝኛውን አያጥፉት፤ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል። አንዱን ከሌላው የምትቀያይረው የሉል ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት።

መጻፍ ለሚያታክተው ሰው ማይክሮፎኗን ነክቶ መናገርም ይቻላል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መቀበል የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ነው። ለአባቶችና ለእናቶች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ብቻ ከተናገሩ በኋላ የጻፈውን ያንብቡት። ስልኩ የመረጠው ፊደል እርስዎ የፈለጉት ላይሆን ይችላል። ይህ ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ ደረጃ 3 ላይ እናየዋለን።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ወደ ቃላት መቀየር

የጀማሪ የመጀመሪያ ልማድ ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ አድርጎ መጻፍ ነው። «አንድ ዓመት ሠርቻለሁ እና መሥሪያ ቤቴ ስንት ቀን እረፍት ሊሰጠኝ ይገባል» ይላል። በእንግሊዝኛ ሲሆን ጉግል እንዲህ ያለውን ረጅም ጥያቄ ደህና አድርጎ ይረዳል። በአማርኛ ግን እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሰም። አብዛኛውን ጊዜ እርስዎ የጻፏቸው ቃላት ያሉበትን ገጽ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ከመጻፍዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መልሱን የጻፈው ሰው ምን ቃል ተጠቅሞ ይሆን? እውነቱን ለመናገር የመፈለግ ጥበብ አብዛኛው ይኸው ነው። እኛ በአፋችን «እረፍት» ወይም «አኑዋል ሊቭ» እንላለን። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ግን «የዓመት ፈቃድ» ነው። ሕጉ ደግሞ «የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ» ይባላል። ስለዚህ የምንጽፈው ይህ ይሆናል፦

የዓመት ፈቃድ አሠሪና ሠራተኛ አዋጅ

«ሠርቻለሁ»፣ «ስንት»፣ «ይገባል» ወጥተዋል። የቀሩት ሰነዱ ውስጥ የመገኘት ዕድል ያላቸው ቃላት ብቻ ናቸው።

ኦፊሴላዊውን ቃል ካላወቁትስ? የሚያውቁትን ተራ ቃል ጽፈው ይፈልጉ። የሚወጡትን ሁለት ሦስት ገጾች መልስ ለማግኘት ሳይሆን ቃል ለመልቀም ያንብቧቸው። ለምሳሌ «መንጃ ፈቃድ» ብለው ቢጀምሩ፣ የመንግሥት ገጾች «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» እንደሚሉት ያያሉ። «የቤት ካርታ» ብለው ቢጀምሩ «የይዞታ ማረጋገጫ» ያገኛሉ። ያንን ቃል ይዘው እንደገና ይፈልጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ከመጀመሪያው የተሻለ ነገር ያመጣል።

ደረጃ 3፦ ፊደሉን መቀያየር

የእኛ ዋናው ጣጣ እዚህ ነው፤ ትንሽ እንቆይበት።

«የዓመት ፈቃድ» የሚለውን ይመልከቱ። አንዱ «ዓመት» ይላል፣ ሌላው «አመት»። አንዱ «ፈቃድ» ይላል፣ ሌላው «ፍቃድ»። ሁለት ቃል፣ አራት አጻጻፍ። ለእኛ አራቱም አንድ ናቸው። ለመፈለጊያው ግን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በአንዱ አጻጻፍ ያልወጣ ገጽ በሌላው ሊወጣ ይችላል።

ሙከራው ቀላል ነው። አንድ ጊዜ «የዓመት ፈቃድ» ብለው ይፈልጉ። ቀጥሎ «የአመት ፍቃድ» ብለው ይድገሙት። የሚወጡትን ገጾች ያነጻጽሩ። «ሐ»፣ «ሀ» እና «ኀ»፣ «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ»፣ «አ» እና «ዐ» ባሉበት ቃል ሁሉ ይህን ማድረግ ይልመዱ።

አጻጻፉ ምን ዓይነት ገጽ እንደሚመጣልዎትም ሊወስን ይችላል። አዋጆችና የመንግሥት ሰነዶች የድሮውን ፊደል ይጠብቃሉ፤ «አሠሪና ሠራተኛ» በንጉሡ «ሠ» ነው። ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የሚጽፈው ሰው ደግሞ እጁ ላይ የቀለለውን ይነካል፤ «አሰሪና ሰራተኛ» ይለዋል። ሕጉን ከፈለጉ በ«ሠ»፣ የሰዎችን ውይይት ከፈለጉ በ«ሰ» ቢጀምሩ ያተርፋሉ።

ቀጥሎ ያሉት ቅጥያዎቹ ናቸው። «ስለ ፓስፖርቴ እድሳት» ብሎ ከመጻፍ «ፓስፖርት እድሳት» ማለት ይሻላል። «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ን» ከቃሉ ጋር ሲጣበቁ ቃሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ራቁቱን ይጻፉት። እንደ «የዓመት ፈቃድ» ተያይዘው የረጉ ሐረጎች ላይ ግን «የ»ን አይንኩ፤ ሰነዱም የሚለው እንደዚያው ነው።

አሕጽሮተ ቃላትም አሉ። «ትምህርት ቤት» የሚለው «ት/ቤት» ሆኖ ተጽፎ ሊሆን ይችላል፤ «መሥሪያ ቤት»ም «መ/ቤት»። አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን ይሞክሩ።

የቦታ ስም በእንግሊዝኛ ሲፈልጉም ያው ነው። ጎንደርን አንዱ በ«ኤ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፋታል። መቀሌን በአንድ «ኤል» የሚጽፍም በሁለት የሚጽፍም አለ።

ደረጃ 4፦ ዓመተ ምሕረቱን ማስተካከል

አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥሩ 1156/2011 ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ላይ ግን 1156/2019 ሆኖ ያገኙታል። ሁለት ሕግ አይደለም። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች ዘመን ተጽፎ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ ደግሞ በአማርኛ 377/1996፣ በእንግሊዝኛ 377/2003 ነው።

ልብ ብለው ካዩ የመጀመሪያው ልዩነት 8፣ የሁለተኛው 7 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ቁጥር ውስጥ ዓመተ ምሕረት ያለበትን ማንኛውንም ነገር ሲፈልጉ፣ አዋጅም ይሁን የፈተና ውጤት፣ ሁለቱንም ይሞክሩ።

አማርኛ ገጽ ላይ «2017» ብቻ ተጽፎ ሲያዩ ደግሞ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳያጣሩ አይለፉ። የአምናው ዜና ነው ብለው ያሰቡት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ተጽፎ የስንት ዓመት አሮጌ ሊሆን ይችላል። ጉግል ራሱ ውጤቶችን በጊዜ የሚያጣራበት መሣሪያ አለው፤ የሚሠራው በፈረንጆቹ ካሌንደር ነው። ሰዓትም ላይ ያው ነው፤ የበረራ ወይም የኦንላይን ፈተና ሰዓት ሲያዩ 2፡00 የማን እንደሆነ ያጣሩ።

ደረጃ 5፦ አማርኛው ባዶ ሲሆን

አንዳንዴ ፊደሉንም ቃሉንም ቀያይረው ምንም አይመጣም። መረጃው የለም ማለት ላይሆን ይችላል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲን ፊደል ኮድ ላይ የግእዝ መልክ በሚለጥፉ ፎንቶች ነበር። እንዲህ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ (የሰነድ ፋይል) ዓይን ሲያየው አማርኛ ነው። ኮምፒውተሩ ሲያነበው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። መፈለጊያው ሊያገኘው አይችልም።

መውጫ መንገድ አለ። አዋጆች የሚወጡበት ፌደራል ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የሚታተመው። አማርኛው ባይነበብለት እንግሊዝኛው ሊነበብለት ይችላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢትዮጵያ ሌበር ፕሮክላሜሽን» (Ethiopia labour proclamation) ብለው ከአዋጁ ቁጥር ጋር ይፈልጉ። ፒዲኤፉ ሲከፈት አማርኛውን ዓምድ ያንብቡ። እንግሊዝኛዎ ሦስት ቃል ለመጻፍ ከበቃ ይህ ዘዴ ይሠራልዎታል።

ከሕግ ውጭ ላለው ነገርም እንግሊዝኛውን አይናቁ። የአማርኛው ዊኪፒዲያ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች አሉት፤ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ። ገጹን ካገኙ በኋላ በጉግል ትራንስሌት ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል፤ አማርኛ እዚያ ከገባ ከ2016 ጀምሮ ነው። ጠቅላላ ሐሳቡን ለመያዝ ይበቃል። የሕግና የመድኃኒት ነገር ሲሆን ግን ትርጉሙን ብቻ አምነው እርምጃ አይውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ማንበብ

መጀመሪያ የወጣው ትክክለኛው ማለት አይደለም። ከላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ውጤት የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። ይለፉት። በእንግሊዝኛ ሲፈልጉ አንዳንዴ ከሁሉም በላይ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈው ማጠቃለያ ይመጣል። መነሻ ይሁንዎት እንጂ እሱን ይዘው አይውጡ። አጠገቡ ያሉትን ሊንኮች ከፍተው ዋናውን ይዩ።

ከዚያ ቢያንስ ሦስት ውጤቶችን በተለያየ ታብ፣ ማለትም እያንዳንዱን በራሱ ገጽ፣ ይክፈቱ። ሊንኩን ጫን ብለው ሲይዙ «በአዲስ ታብ ክፈት» የሚል ምርጫ ይመጣል። ለምን ሦስት? ወደ ምሳሌያችን እንመለስ።

አንዱ ገጽ የዓመት ፈቃድ 14 የሥራ ቀን ነው ይላል። ሌላው 16 ነው ይላል። ማን ዋሸ? ማንም። 14 የድሮው አዋጅ 377 ነው። 16 የአዲሱ 1156 ነው። ጭማሪውም ተቀይሯል፤ በድሮው በየተጨማሪው አንድ ዓመት አገልግሎት አንድ ቀን ይጨመር ነበር፣ በአዲሱ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ። በድሮው ከወሊድ በፊትና በኋላ በድምሩ 90 ቀን ነበር፤ በአዲሱ 30 እና 90፣ በድምሩ 120 ሆኗል። አሮጌው ገጽ እስካልጠፋ ድረስ አሮጌውን ቁጥር እያሳየ ይኖራል። አንድ ገጽ ብቻ ከፍቶ የሚዘጋ ሰው የትኛው እንደገጠመው እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ገጽ ሲከፍቱ የሚያዩት ሦስት ነገር አለ። መቼ ተጻፈ? ማን ጻፈው? ከየት አመጣው? የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽ የጠቀሰ ገጽ ካልጠቀሰው ይሻላል፤ ሄደው ማረጋገጥ ይችላሉና። እዚህ ላይ መልሱ አንቀጽ 77 ነው። ከአዋጁ ቁጥር ጋር «ማሻሻያ» የሚለውን ቃል ጨምረው አንድ ጊዜ መፈለግም አይጎዳም፤ ሕጉ ከተነካካ እሱ ያወጣዋል።

ሌላም አደናጋሪ አለ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩበት አዋጅ የተለየ ነው፤ የፈቃዱም ቁጥር እንደዚያው። ገጹ የሚያወራው ስለየትኛው ሠራተኛ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ቁጥሩን አይውሰዱ።

ረጅም ገጽ ላይ ቃል ለማግኘት ሁሉንም ማንበብ የለብዎትም። ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተው «ፋይንድ ኢን ፔጅ» የሚለውን ይምረጡ። ቃሉን ሲጽፉ ያለበት ቦታ ይወስድዎታል። ስካን የተደረገ ወረቀት ላይ ግን አይሠራም።

ደረጃ 7፦ ጥቂት ምልክቶች

እነዚህ ሲለመዱ ጊዜ ይቆጥባሉ። ሁሉንም የሚጽፉት በእንግሊዝኛው ኪቦርድ ነው።

ድርብ ትእምርተ ጥቅስ፦ "የዓመት ፈቃድ" ብለው ሲጽፉ ሁለቱ ቃላት በዚህ ቅደም ተከተል ተያይዘው ያሉበትን ብቻ ያመጣል። የእኛን «» ሳይሆን የእንግሊዝኛውን ይጠቀሙ። የሰው ስም ሲፈልጉ በተለይ ይጠቅማል፤ ያለበለዚያ ተስፋዬ የሚባል ሁሉ ይመጣል።

ሰረዝ፦ ከቃል በፊት ክፍተት ሳይተዉ የቅነሳ ምልክት ቢያደርጉ ያ ቃል ያለበትን ገጽ ያስቀራል። በአማርኛ ግን በቅጥያ ምክንያት ያን ያህል አይታዘዝም። «-መንግሥት» ማለት «የመንግሥት» የሚለውን ላያስቀር ይችላል፤ ሁለቱንም መጻፍ ይኖርብዎታል።

ሳይት፦ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት» (site) ብለው ይጻፉ፣ ኮለን (:) ያስከትሉ፣ ክፍተት ሳይተዉ የድረ ገጹን አድራሻ ይጻፉ። አድራሻው ቦታ «ጎቭ ዶት ኢቲ» (gov.et) ካስገቡ የሚመጣው የኢትዮጵያ መንግሥት ድረ ገጾች ላይ ያለው ብቻ ነው። ወሬውና ማስታወቂያው በአንዴ ይጠራል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኮለኑ ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ይሁን። የአማርኛው ሁለት ነጥብ መልኩ ቢመሳሰልም ሌላ ምልክት ነው፤ ትእዛዙ አይሠራም።

ደረጃ 8፦ አስመሳይ ገጾችን መለየት

ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ ዲቪ፣ የውጭ አገር ሥራ። አጭበርባሪ የሚያደባው እዚህ ነው። ቅጽ ከመሙላትዎ ወይም ብር ከመላክዎ በፊት ከላይ ያለውን አድራሻ ያንብቡ። የድረ ገጹ ስም የሚያልቀው የመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) ላይ ነው። ከእዝባሩ በፊት ያለው የመጨረሻው ክፍል የማን ገጽ እንደሆነ ይነግርዎታል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከሆነ መጨረሻው «ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ» ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሆነ «ዶት ጎቭ»፤ የዲቪ ትክክለኛው ገጽ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ስለሆነ በዚያ ያልቃል። «ጎቭ» መሐል ላይ ገብቶ መጨረሻው «ዶት ኮም» ከሆነ መንግሥት አይደለም። ባንዲራና ማኅተም ማንም ይለጥፋል። የቁልፍ ምልክትም ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ ባለቤቱ ታማኝ መሆኑን አያሳይም።

ደረጃ 9፦ ከጉግል ውጭ

ብዙ የአማርኛ መረጃ ድረ ገጽ ላይ አይወጣም። ቴሌግራም ቻናል ላይ ነው ያለው። ቴሌግራም ውስጥ ያለችው የማጉያ መነጽር ምልክት ቻናሎችንና መልእክቶችን ትፈልጋለች፤ የፊደሉ ነገር እዚያም ይሠራል። የእጅ ሥራ ከሆነ፣ ምጣድ መጠገንም ይሁን ስልክ መፍታት፣ ዩቲዩብ ይቅደም።

ፎቶ ከተጠራጠሩ ጉግል ሌንስ አለ። ክሮም ላይ ፎቶውን ጫን ብለው ሲይዙ በጉግል የመፈለግ ምርጫ ይመጣል። የዛሬ ተብሎ የተለጠፈ ፎቶ ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይጋለጣል።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉት ሰው ሠራሽ አስተውሎቶችስ? አማርኛቸው ለስላሳ ነው። የሌለ አንቀጽ ጠቅሰው ሲናገሩም እንዲሁ ለስላሳ ነው። እኔ የምመክረው ደረጃ 2 ላይ እንዲያግዙዎት ነው፤ «ይህ ነገር በሕግ ቋንቋ ምን ይባላል?» ብለው ይጠይቋቸው፣ ቃሉን ይዘው ራስዎ ይፈልጉ።

ደረጃ 10፦ ያገኙትን ማስቀመጥ

ዛሬ ያገኙት ገጽ ነገ ላይከፈት ይችላል፤ ዳታም ሊያልቅ ይችላል። ፒዲኤፍ ከሆነ ያውርዱት። ተራ ገጽ ከሆነ የክሮምን ሦስት ነጥቦች ነክተው ወደ ታች የምታመለክተውን ቀስት ይንኩ፤ ገጹ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ሆኖ ይቀመጣል። ስክሪንሾት ካነሱ አድራሻውና ቀኑ አብረው እንዲታዩ ያድርጉ።

የኛን ጥያቄ ይዘው ሰው ሀብት ክፍል ሲገቡ ደግሞ «ጉግል ላይ አይቼ ነው» አይበሉ። «አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 77» ብለው ያወረዱትን ገጽ ከፍተው ያሳዩ።